ድምፁ የማይናገረውን መመስከር፦ ስለ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የሸክላ ሽፋን ንድፍ

የበገና ቅጂ ስንሰማ ድምፁ ራሱ ስለ ምንጩ ብዙ ይነግረናል። ጅማቱ ሲነዝር፣ ጣት ሲያርፍበት፣ ደርዳሪው ለቀጣዩ ስንኝ ትንፋሹን ሲሰበስብ እንሰማለን። መሣሪያውን በዐይናችን አይተነው ባናውቅ እንኳ አንድ ሰው አንድን ነገር በእጁ እየነካ መሆኑን አንጠራጠርም። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ግን ይህን ምስክርነት ይነፍገናል። ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን የወጣን ድምፅ አንድ ሰው ብቻውን ሠርቶት ይሁን አራት ሰዎች ተባብረውበት፣ በጣት ተመትቶ ይሁን አስቀድሞ በተሰጠ ትእዛዝ ተጉዞ፣ በመኖሪያ ቤት ተቀድቶ ይሁን በታላቅ ስቱዲዮ፣ ከጆሮ ብቻ ተነሥቶ መፍረድ እጅግ ያዳግታል።

ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚህ ጉድለት ነው። የግራፊክስ ዲዛይን ተማሪ ለኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሽፋን እንዲሠራ ሲታዘዝ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ጥያቄ «ይህ ድምፅ ምን ይመስላል?» የሚል ነው። ቀዝቃዛ ከመሰለው ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ፈጣን ከመሰለው መስመሮችን ያስሮጣል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «አድማጩ ከዚህ ድምፅ ብቻ ሊያውቀው የማይችለው ነገር ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ሽፋን ድምፁ የማይናገረውን ሲመሰክር የሥራው አካል ይሆናል፤ ድምፁን በቀለም ሲደግም ግን ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ይህን አቋም በጥቂት የታወቁ ሥራዎች ከፈተንሁ በኋላ፣ ጉዳዩ ለእኛ ፊደልና ለእኛ ቤተ መዛግብት ምን ትርጉም እንዳለው አሳያለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማን ነው የሚጫወተው?

የሸክላ ሽፋን ከመጀመሪያው የሐሳብ መግለጫ አልነበረም። እስከ 1930ዎቹ መጨረሻ ድረስ አብዛኞቹ ሸክላዎች የሚሸጡት በተራ ወረቀትና በጠቆረ ካርቶን ተጠቅልለው ነበር። በ1940 አሌክስ ስታይንዋይስ የተባለ ወጣት ባለሙያ በኮሎምቢያ ሪከርድስ ተቀጥሮ ሲሠራ ለአልበም ልዩ ሥዕል የማዘጋጀትን ልማድ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ረጅሙ ሸክላ ሲመጣ፣ በእያንዳንዱ ጎን ከ31 ሴንቲ ሜትር የማያንስ አራት ማዕዘን ለንድፍ ባለሙያው ክፍት ሆነ። በዚህ ሰፊ ገጽ ላይ በብዛት የሰፈረው የዘፋኙ ፊት ወይም የባንዱ ፎቶግራፍ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ አድማጩ የሰማውን ድምፅ ከአንድ ሰው ፊት ጋር ማያያዝ ይፈልጋል።

የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ይህን ልማድ ያናጋዋል። የትኛውን ፊት እናሳይ? በጀርመን የዱሰልዶርፍ ከተማ ባንድ የነበረው ክራፍትቬርክ ከዚህ ጥያቄ ጋር በግልጽ ከታገሉት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። በ1974 የወጣው «አውቶባን» የተሰኘው አልበማቸው ሁለት ሽፋኖች ነበሩት። በጀርመን የታተመው የኤሚል ሹልት ሥዕል ሲሆን መንገዱን ከተራራውና ከፀሐዩ፣ ከሚመላለሱት መኪኖች ጋር ያሳያል። በብሪታንያ የታተመው ደግሞ ሰማያዊና ነጭ የሆነውን የአውራ ጎዳና ምልክት ብቻ ይዞ ወጣ። ድምፁ አንድ ነው፤ ከ22 ደቂቃ በላይ የሚረዝመው ዋናው ሥራ በሁለቱም ውስጥ አለ። ምስክርነቱ ግን የተለያየ ነው። ሥዕሉ ስለ አንድ ጉዞ ይናገራል፤ ምልክቱ ግን መንገዱን ስለሚገዛው ሥርዓት ይናገራል። ባንዱ ከጊዜ በኋላ በአልበሙ ዳግም ኅትመት ላይ ምልክቱን መጠቀሙ የትኛው አነጋገር ይበልጥ እንደ ገለጸው ያመለክታል።

በ1978 የወጣው «ሰው-ማሽን» ጥያቄውን ፊት ለፊት ይጋፈጣል። አራት ሰዎች ቀይ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጥቁር ክራቫት አስረው፣ ከንፈራቸውን ተቀብተው ወደ አንድ አቅጣጫ እያዩ ተሰልፈዋል። ጽሑፉ ዘንበል ብሎ በቀይ፣ በጥቁርና በነጭ ተቀምጧል። ንድፉን የሠራው ካርል ክሌፊሽ የሩሲያዊውን ኤል ሊሲትስኪን ፈለግ መከተሉን በሽፋኑ ላይ በግልጽ አስፍሯል። እዚህ ላይ ሽፋኑ ሦስት ነገሮችን ይመሰክራል። አንደኛ፣ ይህን ድምፅ የሠሩት ሰዎች ናቸው። ሁለተኛ፣ ሰዎቹ ማሽን መስለው ለመታየት ራሳቸው መርጠዋል። ሦስተኛ፣ ይህ ምርጫ ከ1920ዎቹ የአውሮፓ ሥነ ጥበብ የተወረሰ ታሪክ አለው። ከሦስቱ አንዱንም ከሲንተሳይዘሩ ድምፅ ልናገኘው አንችልም።

በምርጫ የሆነ ዝምታ

ሽፋን ምስክር ነው ሲባል ሁሉን ይለፍልፍ ማለት አይደለም። ምስክር ዝም የሚልበትም ጊዜ አለ። ነገር ግን በምርጫ የሆነ ዝምታና በቸልታ የሆነ ዝምታ መለየት አለባቸው።

የመጀመሪያው ዓይነት አብነት በ1983 በማንቸስተሩ ፋክትሪ ሪከርድስ የታተመው የኒው ኦርደር «ብሉ መንደይ» ነው። ፒተር ሳቪል ከብሬት ዊከንስ ጋር የሠራው ይህ ሽፋን በዘመኑ ኮምፒዩተሮች ይሠራበት የነበረውን ፍሎፒ ዲስክ አስመስሎ የተቆረጠ ነው። በፊቱ ላይ የባንዱ ስም የለም፤ የሥራው ርእስም የለም። በቀኝ ጠርዙ ላይ የተደረደሩ የቀለም ሰሌዳዎች ብቻ ይታያሉ። እነዚህ ቀለሞች ግን እያንዳንዳቸው የፊደልና የቁጥር ምትክ ናቸው፤ ሲፈቱ የካታሎግ ቁጥሩን፣ የሥራዎቹን ርእስና የባንዱን ስም ይሰጣሉ። መፍቻው በዚያው ዓመት በወጣው የባንዱ አልበም ጀርባ ላይ በቀለም ክብ መልክ ታትሟል። የዚያ አልበም ፊት ደግሞ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሄንሪ ፋንታን-ላቱር በ1890 የሣለው የጽጌረዳ ቅርጫት ነው። ጽጌረዳውና ኮዱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ሰው በእጁ የሠራው ነገርና ማሽን የሚያነብበው ነገር በአንድ ሙዚቃ ውስጥ መገናኘታቸውን አድማጩ ይረዳል።

የፍሎፒ ዲስኩ ቅርጽ እንዲሁ ለማማር የተመረጠ አልነበረም። ሳቪል ዲስኩን ያየው ሙዚቀኞቹ በሚሠሩበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሽፋኑ ሙዚቃው ከምን ዓይነት የሥራ ጠረጴዛ እንደ ተነሣ ይናገራል። የቆረጣው ወጪ አሳታሚውን በእያንዳንዱ ቅጂ አክስሮታል የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል፤ ተናጋሪዎቹ በመጠኑ ላይ ባይስማሙም። ለእኔ ከወጪው ይልቅ የሚበልጠው ቁም ነገር ሳቪል ምስጢሩን ከነቁልፉ ማስረከቡ ነው። ስሙን ደበቀ፤ የሚፈልግ ግን እንዲያገኘው መንገድ ተወለት።

በአሜሪካ የዲትሮይት ከተማ የቴክኖ ሙዚቀኞችም ተመሳሳይ ሥነ ምግባር አላቸው። አንደርግራውንድ ሬዚስታንስ የተሰኘው ስብስብ አባላት ፊታቸውን በጭንብል ሸፍነው ይታዩ ነበር፤ ሙዚቃው በመልክ እንዳይሸጥ የወሰዱት አቋም ነው። ነገር ግን በሸክላው መካከል፣ ጎድጓዱ መስመር በሚያልቅበት ጠባብ ቀለበት ላይ፣ መልእክት ቀርጸው ይተዉ ነበር። ፊቱን የደበቀ ሰው ቃሉን አልደበቀም። በቸልታ የሆነው ዝምታ ከዚህ ፈጽሞ ይለያል፤ ስምም ዓመትም ቁልፍም የለውም። ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ተመራማሪ ቢመጣ የሚይዘው ነገር አያገኝም።

ቦታ፣ ሕግና ታሪክ

ድምፁ ብቻውን ሊነግረን ከማይችላቸው ነገሮች አንዱ «ይህ የት ይደመጥ?» የሚለው ነው። በ1989 በሼፊልድ ከተማ የተመሠረተው ዋርፕ ሪከርድስ በ1992 «አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ» የተሰኘ የስብስብ አልበም አወጣ። የፊል ወልስተንሆልም የኮምፒዩተር ሥዕል በሆነው ሽፋን ላይ አንድ ሮቦት በሳሎን ወንበር ላይ ተንጋሎ ይታያል፤ ከወለሉ ላይ የክራፍትቬርክና የፒንክ ፍሎይድ ሸክላዎች ተበታትነዋል። በዚያ ዘመን ይህን መሰል ሙዚቃ ከጭፈራ ቤት ውጭ ማሰብ እንግዳ ነበር። ሽፋኑ ግን ሙዚቃው በቤት ውስጥ ተቀምጦ ለማዳመጥ የተሠራ መሆኑን፣ ቅድመ አያቶቹም እነማን እንደ ሆኑ ወለሉን ብቻ በማሳየት ተናገረ። አንድ ረጅም መግቢያ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ አንድ ወንበርና ጥቂት ሸክላዎች ሠሩት።

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ ብርቱ ነው። በ1994 የብሪታንያ ፓርላማ ያልተፈቀዱ የጭፈራ ስብሰባዎችን የሚገድብ የወንጀል ፍትሕ ረቂቅ ሕግ ይዞ ነበር። ረቂቁ ሙዚቃን ሲተረጉም ተደጋጋሚ ምቶች ተከታትለው የሚሰሙባቸውን ድምፆች ለይቶ ይጠቅስ ነበር። ኦቴከር የተባሉት ሁለት ሙዚቀኞች ረቂቁ ገና ሕግ ሳይሆን «አንታይ» የተሰኘ ሦስት ሥራዎችን የያዘ ሸክላ አወጡ። ማሸጊያው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ፣ ሁለቱ ሥራዎች ተደጋጋሚ ምት ስላላቸው ረቂቁ ሕግ ከሆነ እንዳይጫወቱ ይመክራል። ሦስተኛው ግን አንዱ ምድብ ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት ምት እንዳይኖረው ሆኖ ስለ ተሠራ መጫወት እንደሚቻል ያስረዳል። ሆኖም ዲጄዎች ፖሊስ ቢመጣባቸው አለመደጋገሙን የሚያረጋግጡላቸው አንድ ጠበቃና አንድ የሙዚቃ ሊቅ ከጎናቸው እንዲያቆሙ ይመክራል።

ይህን ጽሑፍ ከድምፁ ለይተን ብናስቀምጠው ምን ይቀራል? ሦስተኛው ሥራ ውስብስብ ምት ያለው ቅንብር ሆኖ ይሰማል፤ ያ ብቻ። ምቱ ለምን እንደማይደገም፣ በማን ላይ እንደሚያሾፍ፣ ምን ዓይነት አደጋ ፊቱ እንደ ተደቀነ የምናውቀው ከማሸጊያው ነው። ድምፁን ጠብቆ ማሸጊያውን የጣለ ቤተ መዛግብት የሥራውን ግማሽ ጥሏል ማለት ማጋነን አይሆንም።

ሦስተኛው ምሳሌ ወደ ታሪክ ይወስደናል። ድሬክሲያ የተሰኙት የዲትሮይት ጥንዶች በ1997 ባወጡት «ዘ ክዌስት» በተባለው ስብስብ ውስጥ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳትመው ነበር። በባሪያ ንግድ ዘመን ከመርከብ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ የተወረወሩ ነፍሰ ጡር አፍሪካውያን ሴቶች ልጆቻቸውን በባሕር ውስጥ ወልደው፣ ልጆቹ በውኃ ውስጥ መተንፈስ ችለው፣ የራሳቸው ሥልጣኔ ያለው ሕዝብ ሆነው ቢሆንስ የሚል ምናብ ነው። ሠዓሊው አብዱል ቃዲም ሃቅ በ1999 ለወጣው «ኔፕቱንስ ሌይር» ለተሰኘው አልበማቸው ይህን የባሕር ዓለም በሥዕል አስፍቶታል። ቃል የሌለበት፣ ፈጣንና ደረቅ የሆነ የማሽን ሙዚቃ በዚህ ምክንያት የመታሰቢያ ሥራ ሆነ። ጸሐፊው ኮድዎ ኤሹን በ1998 ባሳተመው መጽሐፉ የሸክላ ሽፋንን፣ ርእስንና አብሮ የሚታተም ጽሑፍን ከድምፁ ሳይነጥል የመረመረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ስለ ድሬክሲያ የተጻፈው የምርምር ጽሑፍ ብዛት በዋናነት የተመሠረተው በአንድ ገጽ የአልበም ማስታወሻ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከባሕር ዳር የተገኘው ካሴት

ከላይ ያሉት ምሳሌዎች ከሩቅ አገር የመጡ ናቸው። ጉዳዩ ግን ከእኛም ቤት ገብቶ ያውቃል። የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያ ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ከተጓዘ በኋላ በዚያው ቀረ። በ1985 በዋሽንግተን አካባቢ ብቻውን ሆኖ አንድ ካሴት ቀዳ። አኮርዲዮኑን ከሮድስ ፒያኖ፣ ከሙግ ሲንተሳይዘር፣ ከያማሃ ዲኤክስ 7 እና ከድራም ማሽን ጋር አጣምሮ የቆዩ ዜማዎችን በአዲስ ድምፅ ሠራቸው። «ሸሞንሟናዬ» የተሰኘው ይህ ሥራ፣ ስሙን እንዲህ ብለን ባንጠራውም፣ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ አንድ ሰው ብቻውን የሠራው ሙዚቃ ነው።

የአሜሪካዊው አሳታሚ የኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ መሥራች ብራያን ሺምኮቪትዝ ካሴቱን ከብዙ ዓመታት በኋላ በባሕር ዳር አገኘው። በስሙ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ የስልክ ቁጥር አግኝቶ ደወለ፤ ሙዚቀኛውም በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ እንደሚኖር ተረዳ። ሥራው በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ።

ይህን ታሪክ ብዙዎች እንደ አስደናቂ አጋጣሚ ይተርኩታል። እኔ ግን እንደ ንድፍ ጉዳይ ላነብበው እወዳለሁ። ከባሕር ዳር ሱቅ እስከ ዋሽንግተን ታክሲ የዘረጋውን ድልድይ የተሸከመው የሰውዬው ስም ነው። ካሴቱ ስም አልባ ሆኖ ቢገለበጥና ቢሸጥ ኖሮ ድምፁ ያው ድምፅ ነበር፤ ሰውየው ግን አይገኝም ነበር። በካሴት ዘመን ከገበያ ወደ ገበያ ሲገለባበጡ መጠቅለያቸውን የጣሉ ቅጂዎች ባለቤቶቻቸውንም አብረው ጥለዋል። መዝፈኛ ድምፅ ያለበትን ካሴት የሚያውቅ ጆሮ ዘፋኙን ሊለይ ይችላል፤ የድራም ማሽንና የሲንተሳይዘር ቅንብርን ግን በድምፁ ብቻ ለባለቤቱ የሚመልስ ጆሮ አይገኝም።

ዛሬ ይህ ጉዳይ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። እንደ ሚካኤል ሰይፉና ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚል ስም እንደሚሠራው እንደገና ሙሉ ያሉ ሙዚቀኞች ከ2010ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ ሊባል የሚችል ሥራ በውጭ አሳታሚዎች በኩል አውጥተዋል። የሚካኤል «የአራዳ ልጅ» በ2014 የወጣው በዋሽንግተን ባለ አሳታሚ ነው። እንዲህ ባለ ሥራ ውስጥ ከአገር ቤት የተቀዳ የማሲንቆ ወይም የክራር ድምፅ ተቆርጦ ሲገባ፣ ማሲንቆውን የመታው ማን ነው? የት ተቀዳ? ምን ተከፈለው? እነዚህ ለማንኛውም ተመሳሳይ ሥራ የሚነሡ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሳቸውም ሊገኝ የሚገባው ከሽፋኑ ነው።

ፊደላችን በትንሽ አራት ማዕዘን

እዚህ ላይ አንድ ሙያዊ ችግር ይነሣል። የዛሬው ሽፋን በተለምዶ 3000 በ3000 ፒክስል ሆኖ ለአከፋፋይ ይላካል፤ አድማጩ የሚያየው ግን በስልክ መስታወት ላይ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም ባልበለጠ መጠን ነው። በላቲን ፊደል የተጻፈ ስም በዚህ መጠን ሲደበዝዝ አንባቢው ብዙውን ጊዜ በግምት ያነብበዋል። የግእዝ ፊደል ግን ልዩነቱን የተሸከመው በጥቃቅን ቅጥያዎች ላይ ነው። «ለ»ን ከ«ሉ» የሚለየው በጎኑ ያለች አጭር ጭረት ናት። እርሷ ከጠፋች «ኃይሉ» የሚለው ስም «ኃይለ» ይሆናል። ጭረቷ የንድፍ ዝርዝር ብቻ አይደለችም፤ የሰው ስም ናት።

ስለዚህ ለአማርኛ ሽፋን ጥቂት መርሖዎች ያስፈልጉናል። አንደኛ፣ የፊደሉ ገጽታ የሚመረጠው በትንሹ መጠን ተፈትኖ እንጂ በትልቁ አምሮ ስለ ታየ ሊሆን አይገባም። ከመጠን በላይ የወፈረ ፊደል ቅጥያዎቹን ይውጣቸዋል፤ ከመጠን በላይ የቀጠነውም ያጠፋቸዋል። ሁለተኛ፣ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል መደብ ስለሌለው፣ ስምን ከርእስ ለመለየት የላቲኑን ዘዴ መቅዳት አይቻልም። መፍትሔው ግን ከቤታችን አለ፤ የብራና ጸሐፍት የክብር ስሞችንና የምዕራፍ መክፈቻዎችን በቀይ ቀለም፣ ቀሪውን በጥቁር በመጻፍ ማዕረግን በቀለም ለይተውታል። ሦስተኛ፣ ስሙ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ይጽና። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ»፣ «ሃይሉ» እየተባለ ሲጻፍ፣ በላቲን ሲገለበጥም ሌላ ሦስት አራት መልክ ሲጨመርበት፣ የአንድ ሰው ሥራ በፍለጋ ሥርዓት ውስጥ የብዙ ሰዎች ይመስላል።

አራተኛው መርሕ የአቋም ጉዳይ ነው። ፊደሉ ለባዕድ ዐይን እንግዳ ስለሚመስል ብቻ በሽፋን ላይ ያለ ትርጉም ቢበተን፣ ጽሕፈትን ወደ ጥለት ማውረድ ይሆናል። የግእዝ ፊደል ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ገብቷል፤ ስለዚህ «ማስፈር አልተቻለም» የሚለው ምክንያት ካበቃ ቆይቷል። ፊደሉ በሽፋኑ ላይ ከወጣ የሚነበብ ነገር ይበልበት።

ሁለት ተቃውሞዎች

በዚህ አቋም ላይ ሁለት ብርቱ ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው «ሙዚቃ በራሱ ይቁም፤ ጆሮ ያለ ዐይን እርዳታ ይፍረድ» የሚል ነው። ክብደት ያለው ሐሳብ ነው። ለብዙ የቴክኖ ሠሪዎች ስም አልባነት ራሱ የነጻነት መንገድ ነበር፤ አድማጩ የሠሪውን ዘርና መልክ ሳያውቅ እንዲያደምጥ ያስገድዳልና። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው ይህን መንገድ የመረጡት ሁሉ ምርጫቸውን በራሱ በሸክላው ላይ አስታውቀዋል። ጭንብል እንኳ የሚታይ ነገር ነው። ሽፋን ከሌለ ደግሞ ባዶው ቦታ ባዶ ሆኖ አይቆይም፤ አከፋፋዩ የራሱን ሰሌዳ፣ የራሱን ምድብና የራሱን ማስታወቂያ ያኖርበታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ዘመኑ አልፏል፤ ዛሬ ሸክላ የሚገዛ ጥቂት ነው» የሚል ነው። ቁሳቁሱ መለወጡን እቀበላለሁ። ግዴታው ግን አብሮ አልተለወጠም። ከ31 ሴንቲ ሜትር ካርቶን ላይ የነበረው ምስክርነት በትንሿ ምስል ላይ ካልበቃ፣ አብሮ ወደሚወጣው የጽሑፍ ገጽ፣ ወደ ዲጂታል መጽሔቱ፣ ወደ ፋይሉ የመግለጫ መረጃ ሊሸጋገር ይችላል። የንድፍ ባለሙያው ሥራ ምስል መሥራት ብቻ ነው ብለን ካሰብን ይህ ከእርሱ ድርሻ ውጭ ይመስላል። ሥራው መመስከር ነው ካልን ግን ምስሉም፣ ጽሑፉም፣ የመረጃው አሞላልም የአንድ ንድፍ ክፍሎች ናቸው።

ማጠቃለያ

ከዚህ አቋም ሦስት ተግባራዊ ሐሳቦች ይከተላሉ። የመጀመሪያው ለንድፍ ተማሪዎች ነው። ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት ሙዚቀኛውን ጠይቁት፦ ማን ማን ሠራው? በምን መሣሪያ? የት ተቀዳ? የሌላ ሰው ድምፅ ተቆርጦ ገብቷልን? እንዲታወቅ የማትፈልገው ምንድን ነው? ለምንስ? የመጨረሻው ጥያቄ ከሌሎቹ አያንስም፤ በምርጫ የሚሆነው ዝምታ የሚታቀደው በእርሱ ነውና።

ሁለተኛው ለትምህርት ክፍሎች ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት በአንድ ጥላ ሥር ይገኛሉ። የአንዱ ተማሪ የሠራውን ቅንብር የሌላው ተማሪ ሽፋን እንዲሠራለት የሚያደርግ የጋራ የምረቃ ሥራ ቢኖር፣ ሁለቱም ከላይ ያሉትን ጥያቄዎች በተግባር ይማሩ ነበር።

ሦስተኛው ለተመራማሪዎችና ለቤተ መዛግብት ነው። የድሮ ካሴቶችን ወደ ዲጂታል የመለወጥ ሥራ በግለሰቦችም በተቋማትም እየተሠራ ነው። ድምፁ ተገልብጦ ሲያበቃ የካሴቱ ወረቀት፣ የሸክላው ሽፋን፣ ከውስጥ የተጻፈው የእጅ ጽሑፍ ሳይቀር በሁለቱም ገጽ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ከድምፁ ፋይል ጋር በአንድ መለያ ቁጥር ይቀመጥ። በጥናት ጽሑፎቻችንም ሽፋንን እንደ ማስረጃ ጠቅሰን ንድፍ ባለሙያውን በስሙ እንጥራው።

ይህን የምንለው ስለ ውበት ብቻ ተጨንቀን አይደለም። ዛሬ በአዲስ አበባ ወይም በዋሽንግተን ከአንድ ላፕቶፕ ፊት ተቀምጦ ቅንብር የሚሠራ ወጣት አለ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ አንድ ሰው ያን ሥራ ከአንድ አሮጌ ዲስክ ላይ ያገኘው ይሆናል። ድምፁን ሲያዳምጥ ይደነቃል፤ ከዚያም «ይህን የሠራው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ዛሬ በሽፋኑ ላይ ካልተጻፈ፣ ያን ጊዜ የሚነግረው አይኖርም።